ሙቀት የሚያየው ዓይን

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ድንቂቱ ናት። ሌላ ሰው አልወቅስም። እሷ ባትኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ምሳ ይዤ ሄድኩ። ልጄ ሌሊሴ ዛሬም ሱቋን አልከፈተችም። ገበያው ዳር ሞባይል የምትጠግንበት ሱቅ ድረስ ሰው እየመጣ ይመለሳል፣ እሷ የድንቂቱ በረንዳ ላይ ሽቦ ትልጣለች። ሳህኑን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ። አላዩኝም። ድንቂቱ ከጎኗ ተቀምጣ ሽቦዎቹን በየቀለማቸው እየለየች ጉልበቷ ላይ ደርድራለች።

«ቀዩን አቀብዪኝ፣ አዮ» አለቻት ልጄ።

አዮ። በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ «አዳዳ» ነበር የምትላት፣ የአባቴ እህት ማለት ነው። አዮ የመጣችው ከሦስት ሳምንት ወዲህ ነው። እኔ እስካሁን እማ ነኝ። ለአንድ ልጅ ሁለት እናት፣ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በኦሮምኛ።

ከሥሩ ልጻፈው፣ ምናልባት ይወጣልኝ። ሌሊሴን የወለደቻት ድንቂቱ ናት። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከወሎ በሰፈራ መጥቼ የድንቂቱን ወንድም ገመቹን አገባሁ፣ ማህፀኔ ግን እምቢ አለ። ድንቂቱ ሰባት ወልዳለች። ሰባተኛዋን ጡት እንዳስጣለቻት በጉዲፈቻ ሰጠችን። በሽማግሌ ፊት ቆማ «ከዛሬ ጀምሮ የኔ አይደለችም» ብላ። የሰጠ መልሶ አይቀበልም፣ ሥርዓቱ ይሄ ነው። ገመቹ ሞተ፣ ሥርዓቱ ግን አልሞተም።

ግቢያችን አጥር ለአጥር ነው። ሁለታችንም ቡና አለን። ቡናው የሽቦ አልጋው ላይ ሲሰጣ ጦጣው በሶር ወንዝ በኩል ካለው ጫካ ይመጣል። ጠባቂዋ እኔ ነኝ፣ የራሴንም የሷንም። ልጅ ሳለሁ ወሎ ውስጥ ማማ ላይ ሆኜ ከማሽላ ላይ ወፍ አባርር ነበር። ወንጭፌ ዛሬም አይስትም። ድንቂቱ ጉልበቷን ያማታል፣ መሮጥ አትችልም። ሠላሳ ዓመት ቡናዋን የጠበቅኩላት እኔ ነኝ።

አሁን ሌሊሴ «እማ፣ ከእንግዲህ እረፊ። ሴንሰሩ ይጠብቃል» ትለኛለች። ማረፍ የጠየቀ አለ? ሴንሰሩን ደግሞ የተከለችው በኔ የቡና አልጋ በኩል አይደለም። በድንቂቱ አልጋ በኩል ነው።

ሳህኑን አስቀምጬ መጣሁ። ዱባ ወጥ ነበር፣ የምትወደው። ድንቂቱም በላችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

አልሄድም ብዬ ነበር። ሄድኩ።

የሴንሰሩ ዓይን ነጭ ነው። ለሁለት የተከፈለ እንቁላል ይመስላል፣ ላዩ ላይ እንደ ማር ሰፈፍ ትንንሽ ክፍል ክፍል አለው። ከሥሩ ሦስት እግር አለው። ሌሊሴ አስረዳችኝ። አንዱ እግር ኃይል የሚገባበት ነው፣ ቀይ ሽቦ። ሌላው ግራውንድ ነው፣ ጥቁር ሽቦ። መካከለኛው ወሬ አቀባዩ ነው፣ ቢጫ ሽቦ። ዓይኑ ሙቀት ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ካየ በመካከለኛው እግር ለቦርዱ ይነግራል። ቦርዱ መዳፍ የማይሞላ ሰማያዊ ነገር ነው። እሱ ደግሞ ጠቅ የምትል ትንሽ ሳጥን ያዛል፣ ሳጥኗ ከባጃጅ የተፈታውን ጥሩምባ ታስጮኻለች። ጦጣው ይሸሻል። ነገሩ ይህ ነው።

«ካበራነው በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል መታገሥ አለብን» አለች። «አካባቢውን እስኪለምድ ዝም ብሎ ሊጮኽ ይችላል።» ጀርባው ላይ በብሎን መፍቻ የሚዞሩ ሁለት ብርቱካናማ ነገሮች አሉ። አንዱ ምን ያህል ርቆ እንደሚያይ፣ አንዱ ካየ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጮኽ ነው።

ሁሉም ገባኝ። ድንቂቱ ግን «ቢጫው ወሬኛው ነው» ከማለት በቀር ምንም አልያዘችም። ፊደል አታውቅም። እኔ ቀበሌ የጎልማሶች ትምህርት ስገባ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሌሊሴ ያኔ አምስተኛ ክፍል ናት። የኦሮምኛውን ፊደል ቁቤን ቀድማ ታውቀዋለች፣ ሀ ሁን ግን በአንድ ዓመት ጀመርን። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ደብተር ላይ ጎን ለጎን እንጽፍ ነበር፣ የሷ ቀጥ ያለ፣ የኔ የተንጋደደ። ይሄ ድንቂቱ የላትም። ማንም የማይነካብኝ ይሄ አለ እል ነበር። ዛሬ ግን ሁለቱ አንድ ሽቦ በሁለት ጫፍ ይዘው ሳይ፣ ያም ደብተር አረጀብኝ።

ከዚያ ሙከራ ተባለ። ድንቂቱ በዓይኑ ፊት አለፈች። ጥሩምባው ጮኸ። ተመልሳ አለፈች፣ ጮኸ። ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ እየተውረገረገች ሦስቴ አለፈች።

«ኮቱ፣ ነይ አንቺም» አለችኝ።

ከበረንዳው ተነስቼ ወደ ዓይኑ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ዝም። ተጠጋሁ። አሁንም ዝም።

«ሙቀት ያለውን ነው የሚያየው አላልሽም?» አለች ድንቂቱ ለሌሊሴ። «ዘነቡ ቀዝቅዛለች በቃ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ምድጃዋ ጠፍቷል።»

ሌሊሴ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ነው «እማ፣ ፊት ለፊት ስለመጣሽበት ነው። በጎን አቋርጦ የሚያልፈውን ነው በደንብ የሚያየው» ያለችኝ። አስቀድማ መሳቋን ግን አይቻለሁ።

«የኔን ምድጃ ተዪና ጉልበትሽን በቅቤ እሺ» አልኳት ድንቂቱን። ደካማ መልስ ነው። ጥሩው መልስ ቤቴ ከገባሁ በኋላ መጣልኝ፣ እዚህ ግን አልጽፈውም።

ነገ ጠዋት የቡና ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሼ ተረፈ ከሁለት ሰዎች ጋር ሊያዩት ይመጣሉ። ከወደዱት ያዮ ከተማ ባለው የቡና ማድረቂያቸው ሁሉ ሌሊሴ ትተክልላቸዋለች። ይህን እየደጋገመች ነገረችኝ። ልጄ እንዲህ አንድ ነገር ፈልጋ አይቻት አላውቅም። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«እማ፣ ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው። ቆሻሻውን እዚያ አጥሩ ጥግ አታንድጂው። የእሳት ሙቀት ሴንሰሩን ያሳብደዋል። ወይ ከሰዓት አንድጂው፣ ወይ ወደ ጓሮ ውሰጂው።»

እሺ አልኳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

አነደድኩት።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንደሩ ጭስ በጭስ ነበር። እንደየዓመቱ ሁሉም ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያጤሳል፣ በሽታው ከጭሱ ጋር እንዲሄድ። እኔም ጠረግኩ። የበቆሎ አገዳ፣ የቡና ገለባ፣ የደረቀ የሙዝ ቅጠል፣ የገመቹ አሮጌ ጫማ። ቅርጫቱን አንስቼ ወደ ጓሮ ሄጄ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከግማሽ በላይ ሄጄ ነበር። ከዚያ ከአጥሩ ማዶ የሌሊሴን ድምፅ ሰማሁ።

«አዮ፣ ነጠላሽን ቀይሪ፣ እንግዶቹ ደረሱ።»

የኔ ነጠላ ንጹሕ ነበር። ከሚካኤል መመለሴ ነው። ነይ ያለኝ ግን የለም።

ተመለስኩ። አጥሩ ጥግ ደፋሁት። ክብሪት ጫርኩ።

የቡና ገለባ ቀስ ብሎ ይይዛል፣ ከያዘ በኋላ ግን የሚያቆመው የለም። ነፋሱ ወደ ድንቂቱ ግቢ ነበር። ያንንም አይቻለሁ። ሦስቱ ሰዎች ገቡ፣ ሰላምታ ሰጡ፣ ሌሊሴ ማስረዳት ጀመረች። ጥሩምባው ጮኸ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዝም አለ፣ እንደገና ጮኸ። ብርቱካናማውን አዞረችው፣ ጮኸ። ድንቂቱ ዶሮዎቹ ናቸው ብላ ዶሮዎቹን ከግቢ አስወጣች፣ ጮኸ። በአጥሩ ቀዳዳ ሁሉንም አየሁ።

ጋሼ ተረፈ ጆሯቸውን ይዘው «ልጄ፣ ይሄ እንኳን ጦጣውን አባሎቼንም ያባርርብኛል» አሉ። ሁለቱ ሰዎች ሳቁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን ሳቁ። የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ተነሱ።

ሌሊሴ ባትሪውን ነቀለች። ዞር ብላ ጭሱን አየች። ከጭሱ ወደ አጥሩ። ቀዳዳው ላይ ዓይኔን ያየችው መሰለኝ።

ያኔ ድንቂቱ ተናገረች።

«ረስታው ነው። በየዓመቱ እዚያው ነው የምታነደው፣ እጇ ለምዶባት ነው። እኔ ጴንጤ ሆኜ እንኳ በየኅዳሩ በሷ ጭስ እታጠናለሁ።»

ሸፈነችልኝ። እንደ ጃጀች አሮጊት አድርጋ ሸፈነችልኝ። ከዚህ የከፋ ስድብ ሰድባኝ አታውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ሌሊሴ ጠዋት ድንቂቱ ግቢ ቆይታ ወደ ቤታችን ተመለሰች። የመሣሪያ ሳጥኗን ፈልጋ ነው።

«እማ፣ ረስተሽው ነው?»

«ረስቼው ነው።»

ሳጥኑን አንስታ አየችኝ። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ስላልጮኸች እኔ ራሴ ጮኽኩ። ኩፍኝ የያዘሽ ጊዜ አዮሽ የት ነበረች ብዬ ልጀምር ነበር፣ አዮ የሚለው ቃል ላይ ግን ምላሴ ተደናቀፈ። በዝናብ አዝዬ ሐኪም ቤት ያደረስኩሽ እኔ ነኝ አልኩ። ፀጉርሽን የሠራሁ፣ ስታማርሪ የሰማሁ፣ ሲያስመልስሽ የጠረግኩ እኔ ነኝ። ሁሉንም ቆጠርኩባት። እንዲህ ያለውን ነገር የሚቆጥር እናት ሳይ እታዘብ ነበር።

«ምረጪ» አልኳት በመጨረሻ። «ወይ እዚህ ነሽ፣ ወይ እዚያ። እኔ ግማሽ እናት አልሆንም።»

ፍራሿን ጠቀለለች። ብርድ ልብሷን፣ ቻርጀሯን፣ የሽቦ ካርቶኗን።

«እዚያ ሥራ አለኝ፣ እማ። ቡናው እስኪደርቅ እዚያ አድራለሁ።»

በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

የሚያስጨንቀኝ፦
ቡናው ከደረቀ በኋላም ካልተመለሰችስ።
ጋሼ ተረፈ ሌላ ባለሙያ ካገኙስ። ያን ጊዜ ጥፋቱ ለዘላለም የኔ ነው።
ድንቂቱ እውነቱን ታውቃለች። መቼ ትነግራታለች?
ደግሞ ላሜ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በደንብ አልበላችም።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ጦጣ መጣ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ የድንቂቱን ድምፅ ሰማሁ። ሴንሰሩ ተነቅሏል፣ ሌሊሴ ሱቅ ሄዳለች፣ እኔ ደግሞ እረፊ ተብያለሁ። በቀዳዳው አየሁ። ድንቂቱ በዱላ የአልጋውን እግር ትደበድባለች፣ እነሱ ዞር ብለውም አያዩዋትም። ስምንት ይሆናሉ። ቀይ ቀዩን እየመረጡ ጉንጫቸው ውስጥ ይከታሉ።

ትንሽ ቆሜ አየሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይሄንንም ልጻፈው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንዱ አልጋው ላይ ወጥቶ ቡናውን በሁለት እጁ መበተን ሲጀምር አላስቻለኝም። ወንጭፌን ይዤ በአጥሩ በር ገባሁ። ሁለት ድንጋይ በቃቸው።

ድንቂቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ሰበሰበች። የፈሰሰውን አብረን ለቀምን። እየለቀምን ጠየቅኳት።

«ረቡዕ ለምን ረስታ ነው አልሽ?»

«ምን ልበላት? እናትሽ ቀንታ ነው ልበላት?»

«እናትሽ ያልሽው እኔን ነው?»

«ታዲያ ማንን ነው? ዋቃዮ፣ ፈጣሪዬ፣ ይቺ ሴትዮ።»

ከዚያ እጇ ውስጥ ያለውን ቡና እያየች፣ ሳትቆጣ ተናገረች።

«ሰባት ወለድኩ። ሦስቱን ቀበርኩ። ሦስቱ ጅማና አዲስ አበባ ናቸው፣ ለበዓል ይደውላሉ። አጠገቤ ያለችው የሰጠኋት ናት። በዚያ ቀዳዳ አንቺ ብቻ ነሽ የምታዪው? ስትድህ አየኋት፣ ዩኒፎርም ለብሳ ስትወጣ አየኋት። አንድ ቀን ልጄ ብዬ ስጠራት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሰጥቻለሁ፣ መልሼ አልቀበልም። አዮ ያለችኝ በራሷ ነው፣ በይ አላልኳትም። ሃያ አምስቱ ዓመት ያንቺ ነው፣ ዘነቡ። ሦስቱን ሳምንት ተዪልኝ።»

የለቀምኩትን አልጋው ላይ መለስኩ።

እስከ ምሳ ቡናዋን አብረን አገላበጥን። ከኔ ቡና የሷ ይበልጥ ቀይ ነው። ይህም ሳያበሳጨኝ አልቀረም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ሱቋ ሄድኩ። ከዳሪሙ የመጣ አንድ ገበሬ ስልኩ ውሃ ገብቶበት ቆሟል። እስኪሄድ በርጩማው ላይ ጠበቅኩ። እንደወጣ ነገርኳት።

«አልረሳሁም። አውቄ ነው ያነደድኩት።»

«አውቃለሁ» አለች። መፍቻውን ከእጇ አላስቀመጠችም። «አንቺ ምን ረስተሽ ታውቂያለሽ? ረስቼው ነው ስትዪኝ ነው የተናደድኩት። እሳቱስ እሳት ነው።»

«ጋሼ ተረፈስ?»

«ሄጄ የኅዳር እሳት ነው ያሳበደው አልኳቸው። እሳቸውም ‹ማድረቂያው ጋ እኮ ሠራተኞቹ በየቀኑ እሳት አንድደው ምሳ ያበስላሉ። ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?› አሉኝ። አንቺ ባታነጂ ኖሮ ይሄ ያዮ ከተከልነው በኋላ ነበር የሚታወቀው።»

ይቅርታ እየጠየቀችኝ ነው ወይስ እየከሰሰችኝ፣ አልገባኝም። ዝም ማለት ሲገባኝ ተናገርኩ፦

«መጀመሪያውኑ የተከልሽበት ቦታ ትክክል አይደለም። ዓይኑ ወደ አጥሩ ጥግ ነው የሚያየው። ጦጣ በዚያ አይመጣም። ከዋንዛው ዛፍ ይወርድና በአጥሩ ላይ እየሄደ በጎን ይገባል። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ወንድ ጦጣ ይመጣል፣ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ሰው መኖሩን ያያል። እሱን ካባረርሽው ሌሎቹ አይወርዱም።»

መፍቻውን አስቀመጠች።

«ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

ከሰዓት ሱቁን ዘግታ አብረን ሄድን። ዓይኑን ፈትታ ሰጠችኝና «አንቺ አገናኚው» አለችኝ። የእግሮቹ ስም የተጻፈው ከነጩ ቆብ ሥር ነው፣ ቆቡ ካልተነሳ አይታይም፣ ቢታይም ለኔ ዓይን በጣም ደቃቅ ነው። ሌሊሴ ፕላስተር ላይ በአማርኛ ጽፋ በየእግሩ ለጠፈችልኝ። ኃይል። ወሬ። ግራውንድ። ቀዩን ወደ ግራውንዱ ስወስድ እጄን ያዘችኝ። «እንዲህ ከሆነ ይቃጠላል፣ እማ። አንብቢው።» አነበብኩት። ቀዩን ከኃይሉ፣ ጥቁሩን ከግራውንዱ፣ ቢጫውን ቦርዱ ላይ ካሳየችኝ ቀዳዳ። ሦስቱንም ራሴ ሰካሁ።

እሷ ደግሞ የቆቡን ግማሽ በጥቁር ናስትሮ ሸፈነችው፣ ወደ አጥሩ ጥግ የሚያየውን ግማሽ። አዲሱ ቦታ ከአጥሩ ዝቅ ብሎ፣ የጦጣውን መንገድ በጎን እንዲያይ ነው። ከዚያ ጥጉ ላይ አንድ እፍኝ ገለባ እንዳነድ ነገረችኝ።

«ዛሬስ በፈቃድ ነው የምታነደው» አለች ድንቂቱ።

አነደድኩ። ደቂቃው አለፈ። ዝም አለ። ጭሱ በላዩ አለፈ፣ ዝም አለ። በአጥሩ በኩል በጎን አቋርጬ ተራመድኩ፣ ጥሩምባው ጮኸ። ድንቂቱ የምትለው ጠፋት። ይቺን ለራሴ ይዣታለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ዛሬ ጠዋት ትልቁ ወንድ ጦጣ መጣ። ሦስታችንም በረንዳው ላይ ትንፋሻችንን ይዘን ተቀምጠናል። ከዋንዛው ወረደ፣ አጥሩ ላይ ሦስት እርምጃ ሄደ፣ ጥሩምባው ሲጮኽ ወደ ኋላው ተገልብጦ ወደቀ። ቅጠሉ ውስጥ ሲሮጥ ሰማነው። ሌሎቹ አልወረዱም።

ሌሊሴ ብድግ ብላ መጀመሪያ ድንቂቱን አቀፈች። ቅርቧ ስለነበረች ነው። ቅርቧ ስለነበረች ይሆናል። ከዚያ እኔን። የኔው ረዘም አለ ብያለሁ፣ ለክቼ ግን አይደለም።

ጋሼ ተረፈን በስልክ አነጋገረች። «ኅዳር ይውጣና እናያለን» አሏት። እናያለን እሺም ነው፣ እምቢም ነው። እሷ ግን እሺ ነው ብላ ይዛዋለች፣ ለያዮ የሚሆን ሽቦ ስትለካ ዋለች።

ምሳ እኔ ቤት በላች። አምስተኛ ክፍል ሳለች ደብተራችን ላይ የጻፍኩትን አንድ ስሕተት አንስታ ሳቀችብኝ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «ሄጄ ባትሪውን ልየው» ብላ ተነሳች። ፍራሿ አሁንም ድንቂቱ ቤት ነው። ቡናውን እጄ ላይ አሽቼ አይቼዋለሁ፣ ለመድረቅ ገና ከሳምንት በላይ ይፈልጋል። ሲደርቅ ትመለሺያለሽ ወይ ልላት ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት።

ቅናቱ አልለቀቀኝም። ይለቀኛል ብዬም አልጽፍም፣ ይሄን ደብተር በውሸት ልሞላው አልጀመርኩትም። ነገ አዮ ስትላት ያው በቀዳዳው አያለሁ። ምረጪ ብዬ ግን ሁለተኛ አልጠይቃትም።